የጆአን ጉልበት

ስለ ሯጮች ጉልበት ሲወራ እኔ ትዝ የሚለኝ አሜሪካዊቷ ጆአን ቤኖይት ናት። እ.ኤ.አ. በ1984 መጋቢት ወር በልምምድ ላይ ሳለች ቀኝ ጉልበቷ አልንቀሳቀስም አለ። ዕረፍትም መርፌም አልፈወሳት። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ኦሪጎን ውስጥ ዶክተር ስታን ጄምስ በጠባብ ቀዳዳ መመልከቻ አስገብቶ ጉልበቷን ያገደውን ጅማት መሰል ሥጋ ቆርጦ አወጣላት። በ17ኛው ቀን የአገሯን የማራቶን ማጣሪያ አሸነፈች፤ በነሐሴ ደግሞ ሎስ አንጀለስ ላይ፣ አገራችን ባልተካፈለችበት ኦሊምፒክ፣ የመጀመሪያውን የሴቶች ማራቶን ወርቅ ወሰደች።

መሣሪያው ግን ለስፖርት የተወለደ አይደለም። ጃፓናዊው ኬንጂ ታካጊ በ1918 የፊኛ መመልከቻን በአስከሬን ጉልበት ውስጥ አስገብቶ የሞከረው፣ ነቀርሳ ጉልበታቸውን የሚያደርቅባቸውን ሕሙማን አስቦ ነው። ወለል ላይ ተንበርክኮ ለሚቀመጥ ሕዝብ የማይታጠፍ ጉልበት ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ይገምተው! ፈለጉን የተከተለው ማሳኪ ዋታናቤ በ1962 በዚሁ መንገድ የተቀደደ የጉልበት ልም አጥንት ቆርጦ አወጣ።

ይሁንና የጆአን ድል ብዙ ሯጭ ያሳስታል ባይ ነኝ። ጉልበቷን የቆለፈው ነገር በዓይን የሚታይ፣ በመቀስ የሚቆረጥ ነበር። አብዛኛው ሯጭ የሚታመመው በጉልበቱ ሎሚ ዙሪያ ነው፤ ብዙ ጊዜም ርቀቱን በድንገት ሲያበዛ ይነሣበታል። በዚያ ቀዳዳ ቢመለከቱት የሚቆረጥ ነገር ላይገኝ ይችላል። መድኃኒቱ ሩጫውን ሕመሙ እስከሚፈቅደው መቀነስና የጭንና የዳሌ ጡንቻን ማጠንከር ነው፤ ይህም በ17 ቀን የሚያልቅ ሥራ አይደለም፣ ወራት ይወስዳል።