የዕውቀት ደቦ፦ በዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚካሄዱ የቴክኖሎጂ መድረኮች ለአርሶ አደሩና ለከተሜው ምን ይሰጣሉ?

አርሶ አደሩ ብቻውን የማይወጣው ሥራ ሲገጥመው ደቦ ይጠራል። ጎረቤት የየራሱን ማጭድ ይዞ ይመጣል፤ ለሳምንት የሚበቃው አጨዳ በአንድ ቀን ይጠናቀቃል። በዓለም ዙሪያ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች የሚካሄዱት የቴክኖሎጂ መድረኮችም በመሠረቱ ከደቦ የተለዩ አይደሉም። ወጣቶች ኮምፒውተራቸውን ይዘው ይሰባሰባሉ፤ ለአንድ ሰው ወራትን የሚወስደውን ሥራ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ተካፍለው ይሠሩታል። ይሁን እንጂ በደቦ ላይ የማሳው ባለቤት ምንጊዜም አለ። የትኛው ማሳ እንደሚቀድምና ድንበሩ የት እንደሆነ የሚያሳየው እሱ ነው። የቴክኖሎጂ መድረኮች ፍሬያማነትም በአብዛኛው የሚወሰነው የችግሩ ባለቤት በቦታው በመገኘቱና ባለመገኘቱ ነው።

ጉዳዩ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ነዋሪዎችን በቅርብ ይመለከታል። የዞኑ ዋና ከተማ ኢንጅባራ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ኢንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ተማሪዎቹን የተቀበለው በ2010 ዓ.ም. ነው። ከኢንጅባራ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኘው ዳንግላም በ1955 ዓ.ም. በተቋቋመው ፖሊቴክኒክ ታሪኩ ለሚጀምረው ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ናት። የዞኑ ወጣት ኮምፒውተር ለመማር ከአካባቢው ርቆ መሄድ የግድ አይሆንበትም። ቀጥሎ የመድረኮቹ ዓይነቶች፣ አሠራራቸውና ነዋሪው በእነርሱ የሚኖረው ድርሻ ተብራርቷል።

ሀካቶን፦ በሁለት ቀን የሚሠራ ናሙና

በስፋት የሚታወቀው መድረክ ሀካቶን ነው። ስያሜው የኮምፒውተር ሥራን ከማራቶን ጋር ያጣመረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ኦፕን ቢ.ኤስ.ዲ. የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር የሚሠሩ ባለሙያዎች በካናዳ ካልጋሪ ከተማ ባደረጉት ስብሰባ ጥቅም ላይ ውሏል። አዘጋጆቹ አንድ ችግር ያቀርባሉ፤ ተሳታፊዎች በትናንሽ ቡድኖች ይከፋፈላሉ፤ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የመፍትሔ ናሙና ሠርተው ለዳኞች ያቀርባሉ። በአንድ ቡድን ውስጥ ፕሮግራም የሚጽፍ፣ ገጽታውን የሚነድፍና ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ቢኖር ይመረጣል።

የሀካቶን ደካማ ጎንም በሰፊው ይታወቃል። ከሽልማቱ በኋላ ብዙ ናሙናዎች ተረስተው ይቀራሉ። ዋናው ምክንያት የዕውቀት ማነስ አይደለም፤ ችግሩ ከአዳራሽ ውስጥ ታስቦ የመጣ መሆኑ ነው። የገበያ ዋጋ የሚናገር የስልክ መተግበሪያ የሠራ ተማሪ፣ ገዥው ነጋዴ ማሳ ድረስ መጥቶ እንደሚገዛ ካላወቀ ድካሙ ለአርሶ አደሩ አይጠቅምም።

ማፓቶን፦ ካርታ የሚሠራበት ደቦ

ሁለተኛው ማፓቶን ነው። ኦፕን ስትሪት ማፕ የተባለው ማንም ሰው ሊያርመውና በነፃ ሊጠቀምበት የሚችለው የዓለም ካርታ እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ ተጀመረ። በጥር 2002 ዓ.ም. ሄይቲን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ የፖርቶ ፕሪንስን ከተማ ባፈራረሰ ጊዜ፣ በየሀገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ከሳተላይት ምስል መንገዶችንና ሕንፃዎችን እየለዩ ካርታውን ሞሉ፤ የነፍስ አድን ሠራተኞችም ተጠቀሙበት። ከዚያ ወዲህ ሥራው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ገብቷል። ዩዝ ማፐርስ በልዩ ልዩ ሀገራት ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ የተማሪ ካርታ ሠሪዎችን የሚያስተሳስር መረብ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ተማሪው የሳተላይት ምስል ከፍቶ ቤት፣ መንገድና ወንዝ የሚመስለውን ይሥላል፤ ልምድ ያለው ሌላ ሰው ደግሞ ያረጋግጥለታል። ሳተላይት ግን ሁሉን አያውቅም። ጎጡ ምን ተብሎ እንደሚጠራ፣ ምንጩ ሚያዝያ ላይ ይደርቅ እንደሆነ፣ መንገዱ በክረምት በሽተኛ የጫነ መኪና ያሳልፍ እንደሆነ የሚያውቀው ነዋሪው ብቻ ነው። ስለዚህ የካርታው ግማሽ ሥራ የሚሠራው በግቢ ሳይሆን በቀበሌ ነው።

የዲከረንሱ ጉዳይ

ይህ ዕውቀት በአዊ ምን ሊሠራ እንደሚችል ለመረዳት ዲከረንስን ማንሳት ይበቃል። ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ የግራር ዝርያ በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ሆኗል። አርሶ አደሩ በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክላል፤ ቀጥሎ በዛፉ ሥር የሚበቅለውን ሣር ለከብቱ ያጭዳል፤ ከአራት እስከ አምስት ባለው ዓመት ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል፤ ከዚያም መሬቱን መልሶ ያርሳል። ዛፉ ናይትሮጅንን በሥሩ ስለሚይዝ በአሲድነት የተጎዳውን የደጋ አፈር ይጠቅማል። የአካባቢው የደን ሽፋን መጨመሩም ከሳተላይት ምስል በተሠሩ ጥናቶች ታይቷል።

በቅርብ ዓመታት ግን በፈንገስ የሚመጣ የዋግ ዓይነት በሽታ ይህን ዛፍ ክፉኛ አጥቅቶታል። እንዲህ ያለ በሽታ ሲገባ ቀዳሚው ጥያቄ “የት ደርሷል?” የሚለው ነው። አንድ ተመራማሪ ወረዳውን ሁሉ ዞሮ ለማየት ወራት ይፈጅበታል። በየቀበሌው ያሉ አርሶ አደሮችና የግብርና ባለሙያዎች የታመመውን ዛፍ ፎቶ ከቦታውና ከቀኑ ጋር ቢልኩ፣ ተማሪዎች ደግሞ በአንድ ቅዳሜ ተሰብስበው በካርታ ላይ ቢያሰፍሩት፣ የበሽታው አካሄድ በቶሎ ይታያል። ምን ዓይነት ችግኝ የት ይተከል የሚለውን ለመወሰንም ማስረጃ ይገኛል። ለዚህ የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ ሳይሆን የማሳውን ባለቤትና የኮምፒውተሩን ባለሙያ ማገናኘት ነው።

ቋንቋን ወደ መረብ ማስገባት

ሦስተኛው ዓይነት መድረክ የጽሑፍና የድምፅ ደቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የተመሠረተው ዊኪፒዲያ በበጎ ፈቃደኞች የሚጻፍ መዝገበ ዕውቀት ሲሆን፣ ተማሪዎች በአንድ ቀን ተሰብስበው በአንድ ርዕስ ላይ መጣጥፎችን የሚያዘጋጁባቸው መድረኮች በብዙ ሀገራት ተለምደዋል። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ መጣጥፎች ሲኖሩት የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ ብቻ አለው። ስለ ዘንገና ሐይቅ ወይም ስለ ደጋ ድንች አመራረት በአማርኛ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው የሚወሰነው ጽፎ ያስቀመጠ ሰው በመኖሩ ነው።

የግእዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በአንድ ኮምፒውተር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይቀር ነበር። በአገው ቋንቋዎች በአፍንጫ የሚወጣውን ድምፅ ለመጻፍ የሚያገለግለው “ጘ”ም በዚሁ ሥርዓት ቦታ አግኝቷል። ስለሆነም አዊኛን በስልክና በኮምፒውተር ለመጻፍ ፊደል እንቅፋት አይሆንም፤ የቀረው ሥራ የጸሐፊ ነው።

የድምፅ ሥራውም ተመሳሳይ ነው። ሞዚላ የተባለው ድርጅት ኮመን ቮይስ በተሰኘ ፕሮጀክቱ ሰዎች ዐረፍተ ነገር እያነበቡ ድምፃቸውን በበጎ ፈቃድ የሚሰጡበትን መንገድ ከፍቷል፤ አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ነው። ማሽን ንግግር መረዳት የሚማረው ከእንዲህ ያለ ስብስብ ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው፣ ስልክ ቋንቋውን ሰምቶ መመለስ መቻሉ ቅንጦት አይደለም።

ከ8028 የሚወሰድ ትምህርት

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ለዘመናዊ ስልክ ነው። በገጠር ግን ተራ ስልክ የያዘው ብዙ ነው። በ2006 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የተጀመረው የ8028 ነፃ የስልክ መስመር ይህን ያገናዘበ ነበር። አርሶ አደሩ ደውሎ ቁጥር በመጫን ስለ ሰብሉ በድምፅ ምክር ይሰማል፤ ኢንተርኔትም ሆነ ማንበብ አያስፈልገውም። አገልግሎቱ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥሪዎችን አስተናግዷል። በግቢ የሚሠራ ማንኛውም ናሙና በዚህ ሚዛን ሊለካ ይገባል፦ በተራ ስልክ ይሠራልን? መረብ ሲቋረጥስ ያገለግላልን? በሰውየው ቋንቋ ይናገራልን? መረብ በማይኖርበት ጊዜ ዊኪፒዲያን ከኮምፒውተር ወይም ከስልክ ላይ ለማንበብ የሚያስችለው ኪዊክስ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ለትምህርት ቤቶችም የሚበጅ ነው።

መጠንቀቅ የሚገባው

ፎቶ፣ ስም፣ የስልክ ቁጥርና የማሳ ቦታ የግል መረጃዎች ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ በሕግ አግባብ እንዲሰበሰብና እንዲጠበቅ ይደነግጋል። ስለዚህ መረጃ የሚጠየቅ አርሶ አደር ለምን ዓላማ እንደሚወሰድ፣ ማን እንደሚያየውና ውጤቱ እንዴት ተመልሶ እንደሚደርሰው መጠየቅ ይገባዋል። ለበሽታ ካርታ የዛፉ ቦታ ይበቃል፤ የባለቤቱ ስም በአደባባይ መውጣት የለበትም። የባንክ ወይም የቴሌ ብር የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ “ጥናት” ደግሞ ጥናት ሳይሆን ማጭበርበር ነው።

ነዋሪው እንዴት ይሳተፋል?

ተሳትፎው የሚጀምረው ችግርን ለይቶ ከማቅረብ ነው። “ድንቻችን ይበላሻል” ከማለት ይልቅ “ድንቻችን ከተቆፈረ በኋላ በመጋዘን ውስጥ በስንት ሳምንት ይበቅላል፣ ስንት ኩንታል ይጣላል” ብሎ መናገር ለተማሪው የሥራ መነሻ ይሆነዋል። አርሶ አደሩ ይህን በቀበሌው የግብርና ባለሙያ በኩል ለወረዳውና ለዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ አገልግሎት ክፍል ማድረስ ይችላል። የከተማ ነጋዴ፣ መምህርና ጡረተኛ የቦታ ስሞችንና የአካባቢውን ታሪክ በመንገር ወይም በመጻፍ ይሳተፋሉ። ኮምፒውተር ለመማር የሚሻ ወጣት ደግሞ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር የፕሮግራሚንግና የዳታ ሳይንስ መሠረታዊ ትምህርቶችን በነፃ መከታተል የሚችልበት ዕድል ተመቻችቶለታል።

አዘጋጆችም የሚጠበቅባቸው አለ። የመድረኩን ቀን ከእርሻና ከአጨዳ ወቅት ጋር እንዳይጋጭ መምረጥ፣ በዳኞች መካከል አርሶ አደር ማስቀመጥ፣ ከስድስት ወር በኋላም ናሙናው ምን ላይ እንደደረሰ ወደ ቀበሌው ሄዶ መናገር ይገባቸዋል። ደቦ የተጠራለት ሰው ጎረቤቶቹን ሳያበላና ሳያመሰግን አይሸኝም፤ ዕውቀቱን የሰጠ አርሶ አደርም ውጤቱን ሳያይ ሊቀር አይገባም።