በኤርትራ የራስ አስተዳደር ላይ የፖለቲካ ማኅበራት ፉክክር ያስከተለው ውጤት

ሕዝብ ራሱን በራሱ ላስተዳድር ብሎ በተነሣበት አገር ሁሉ ጠቡ በገዢና በተገዢ መካከል ብቻ መስሎ ይታያል። ነገር ግን የአየርላንድ ታሪክ ሌላ ነገር ያስተምረናል። የራስ አስተዳደሩ ረቂቅ ሕግ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1886 እና በ1893 ወደቀ፤ በ1912 ለሦስተኛ ጊዜ ሲቀርብም የሎንዶን ፓርቲዎች ጉዳዩን የሥልጣን መወዳደሪያ ስላደረጉት፣ በ1913 በአየርላንድ ሁለት ተቃራኒ የጦር ማኅበራት ተቋቋሙ። እኛም በቂሊንጦ ሆነን ይህን ስናጠና፣ ተመሳሳዩን ጥያቄ በቅርባችን በነበረው በኤርትራ ጉዳይ ላይ ለመመርመር ወደድን። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

በ1933 ዓ.ም. እንግሊዞች ኢጣልያን ከኤርትራ ካስወጡ በኋላ፣ በዚያው ዓመት በአስመራ የአገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ። በመጀመሪያ ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድነት ይሰበሰቡበት ነበር። የአገሪቱ ዕድል ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ ሲበረታ ግን አሳብ ተከፈለ። በኅዳር 1939 ዓ.ም. ሁለቱን ወገኖች ለማስታረቅ በቤተ ጊዮርጊስ ጉባኤ ተጠራ። በዚያ የታሰበው ኤርትራ የውስጥ አስተዳደርዋን ይዛ በውል ከኢትዮጵያ ጋር እንድትዋሐድ ነበር። ጉባኤው ግን ያለ ስምምነት ተበተነ።

ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ወገን የየራሱን ማኅበር አጠናከረ። አቶ ተድላ ባይሩ ጠቅላይ ጸሐፊ የሆኑበት የአንድነት ማኅበር ከኢትዮጵያ ጋር መዋሐድን፣ ሼኽ ኢብራሂም ሱልጣን የመሩት የእስላም ማኅበርና ራስ ተሰማ አስበሮም የመሩት ማኅበር ደግሞ መለየትን ደገፉ። ጠቡ የሃይማኖት ብቻ ነበር ማለት ግን ስሕተት ነው፤ ራስ ተሰማም ሆኑ አቶ ወልደአብ ወልደማርያም ክርስቲያኖች ነበሩና።

ዋናው ጉዳት የመጣው፣ እንደ እኛ አስተያየት፣ ማኅበራቱ እርስ በርሳቸው ከመነጋገር ይልቅ ፊታቸውን ወደ ውጭ ዳኛ በማዞራቸው ነው። በአስመራ የነበረው የኢትዮጵያ መንግሥት አገናኝ መኰንን የአንድነትን ማኅበር ይደግፍ ነበር፤ ለነጻነት ወገንም የኢጣልያ ገንዘብ ይደርሰው ነበር። በ1940 ዓ.ም. የአራቱ ኃያላን መንግሥታት መርማሪዎች በመጡ ጊዜ እያንዳንዱ ማኅበር የሕዝቡ እውነተኛ ድምፅ እኔ ነኝ ሲል ተከራከረ። አገሪቱን ለሱዳንና ለኢትዮጵያ የሚያካፍለው የእንግሊዝና የኢጣልያ አሳብ በግንቦት 1941 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ወደቀ። ከዚያም የነጻነት ደጋፊዎች ተባብረው አንድ ግንባር አቆሙ፤ ይሁን እንጂ ብዙ ሳይቈይ የምዕራቡ ቈላ እስላሞች ተለይተው የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ።

ፉክክሩም ከቃል አልፎ ወደ ደም ደረሰ። በመጋቢት 1941 ዓ.ም. በአስመራ የእስላም ማኅበር መሪ የነበሩት አብዱልቃድር ከቢሬ ተገደሉ። አቶ ወልደአብም ከተደጋገመ የግድያ ሙከራ ተርፈዋል። በየካቲት 1942 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎች በአገሩ ሳሉ በአስመራ ክርስቲያንና እስላም ተጋድለው ብዙ ሰው አለቀ።

በመጨረሻ ፍርዱ ከውጭ መጣ። ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. ጠቅላላው ጉባኤ በ46 ድምፅ ድጋፍና በ10 ድምፅ ተቃውሞ፣ ኤርትራ የራስ አስተዳደር ኖሯት ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትተሳሰር ወሰነ። አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው ይህን ነው፤ የተወሰነው ነገር ከአራት ዓመት በፊት በቤተ ጊዮርጊስ ሊስማሙበት ካልቻሉት አሳብ ብዙ የራቀ አልነበረም። ልዩነቱ በመካከሉ ደም መፍሰሱና ውሉ የማንም ማኅበር ሥራ አለመሆኑ ነው።

በመጋቢት 1944 ዓ.ም. 68 እንደራሴዎች ሲመረጡ የአንድነት ማኅበር 32፣ የነጻነት ግንባር 18፣ የምዕራቡ እስላሞች ማኅበር 15 መቀመጫ አገኙ። ስለዚህ የመጀመሪያው መንግሥት የተቋቋመው ፌዴሬሽኑን ወደ ፍጹም ውሕደት መሸጋገሪያ አድርገው በሚመለከቱ ሰዎች መሪነት ነበር። ከእነርሱ መካከል ዋና ሥራ አስፈጻሚ የሆኑት ተድላ ባይሩ ራሳቸው በ1947 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ፤ በኋላም ወደ ተቃዋሚዎች ገቡ። የአዲስ አበባ መንግሥት የውሉን አንቀጾች አንድ በአንድ ሲሸረሽር የሚቃወሙት ተሰደዱ ወይም ዝም አሉ። ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. የኤርትራ ምክር ቤት የራስ አስተዳደሩን መጨረሻ ሲሰማ፣ በ1953 ዓ.ም. የተጀመረው የጦር መሣሪያ ትግል አንድ ዓመት አልፎት ነበር፤ ጦርነቱም እስከ 1983 ዓ.ም. ዘለቀ።

በደሉን ሁሉ በማኅበራቱ ላይ መጫን አይገባም፤ ውሉን ያፈረሰው ከሁሉ በፊት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ነው። ነገር ግን የራስ አስተዳደሩ ሲፈርስ ጠባቂ ያጣው፣ አንዱ ወገን ያነሰ ነጻነት፣ ሌላው ያነሰ አንድነት አድርጎ ስለ ቈጠረው ነው። ተፎካካሪዎች በአንድነት ያልመከሩበት ሕገ መንግሥት፣ ቃሉ ምንም ያህል ቢያምር፣ በችግር ቀን የሚቆምለት ሰው አያገኝም።