የራክ ቤዝ አምፕሊፋየርን ከሙቀት መጠበቅ፦ ለአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት የሙዚቃና የድምፅ አገልጋዮች

በማገለግልበት አጥቢያ በአንድ የኮንፈረንስ እሑድ ዝማሬው በደመቀበት ሰዓት የቤዝ ጊታሩ ድምፅ ድንገት ጠፋ። ኬብሉ ተቀየረ፤ ድምፅ የለም። ጊታሩ ተቀየረ፤ አሁንም የለም። ሩብ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ማንም ሳይነካው ድምፁ በራሱ ተመለሰ፤ ብዙ ሳይቆይ ደግሞ ጠፋ። ከጉባኤው በኋላ ቤዝ የሚጫወተውን ወጣት ጠርቼ የቤተ ክርስቲያንን ዕቃ በጥንቃቄ እንዲይዝ በጠንካራ ቃል ገሠጽኩት። እርሱም አንገቱን ደፍቶ፣ “ፓስተር፣ ከተለመደው የተለየ ነገር አላደረግሁም” ብቻ አለኝ።

በማግሥቱ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና የሚሠራ አንድ ወንድም መጣ። መፍቻ እንኳ ሳያወጣ በራኩ ላይና ጀርባ የተንጠለጠለውን፣ ዙሪያው ዳንቴል የተሰፋበትን ወፍራም የከፋይ ጨርቅ አነሣ። ጨርቁን እኅቶች ለኮንፈረንሱ መድረኩ እንዲያምር ብለው በፍቅር ያዘጋጁት ነበር። አምፕሊፋየሩ አልተበላሸም፤ ታፍኖ ነበር። ወጣቱን ይቅርታ ጠየቅሁት። ይህንንም ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣሁት ሌላው አጥቢያ በእኛ ላይ ከደረሰው እንዲማር ነው።

1. ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ራክ ማለት ዕቃዎች በብሎን እየታሰሩ አንዱ ከሌላው በላይ የሚደረደሩበት ሳጥን ወይም መደርደሪያ ነው። የዕቃዎቹ የፊት ገጽ ስፋት 19 ኢንች (48.26 ሳንቲ ሜትር) ሲሆን፣ ቁመታቸው ዩኒት በሚባል መለኪያ ይቆጠራል። አንድ ዩኒት 1.75 ኢንች ወይም 4.4 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። አንዳንዱ የቤዝ አምፕሊፋየር ፕሪአምፑንና ፓወር አምፑን በአንድ ሳጥን ይይዛል፤ ሌላው ለየብቻ ይታሰራል። በሁለቱም አሠራር አብዛኛውን ሙቀት የሚያመነጨው የፓወር አምፑ ክፍል ነው።

አምፕሊፋየር ከሶኬት የሚወስደውን ኃይል ሁሉ ወደ ስፒከር አይልክም። የቀረው ሙቀት ይሆናል። ለምሳሌ ክላስ ኤቢ የሚባለው የቆየው አሠራር በከፍተኛ ድምፅ ሲሠራ ብቃቱ 60 በመቶ ነው ብንል፣ 300 ዋት ወደ ስፒከር ለመላክ 500 ዋት ይወስዳል። ልዩነቱ 200 ዋት ነው፤ ይህም ሁለት ባለ 100 ዋት የድሮ አምፖሎችን በአንድ ሳጥን ውስጥ አብርቶ እንደ መዝጋት ነው። የዚህ ዓይነት አምፕሊፋየር በመካከለኛ ድምፅም ብቃቱ ስለሚቀንስ ብዙ ይሞቃል። ስለዚህ “ድምፁን ዝቅ አድርገናል፣ አይሞቅም” ማለት አይቻልም።

ክላስ ዲ የሚባለው ቀላሉ አሠራር ብቃቱ 85 በመቶና ከዚያም በላይ ስለሚደርስ፣ ለዚያው 300 ዋት ወደ ሙቀት የሚለውጠው 50 ዋት ገደማ ነው። ሳጥኑ ግን ትንሽ ስለሆነ እርሱም አየር ይፈልጋል። በቲዩብ የሚሠሩት፣ ለምሳሌ አምፔግ በ1969 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለ 300 ዋቱ ኤስቪቲ፣ ጊታሩ ዝም ባለበት ጊዜም ይግላሉ።

2. ሙቀት ሲበዛ ምን ይከተላል?

አብዛኞቹ ዘመናዊ አምፕሊፋየሮች ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ራሳቸውን ለመጠበቅ ድምፁን ይቆርጣሉ፤ ሲቀዘቅዙ ይመልሱታል። ከቆይታ በኋላ ድምፅ መጥፋት፣ በራሱ መመለስና እንደገና መጥፋት የሙቀት ዋና ምልክት ነው። የተበላሸ ኬብል ግን ብዙውን ጊዜ ሲነካ ይንኮሻኮሻል።

ሁለተኛው ጉዳት ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ሙቀታቸው በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ገደማ እንደሚያጥር ባለሙያዎች ያሰላሉ። ዛሬ ድምፁ ስላልጠፋ ዕቃው ደኅና ነው ማለት አይደለም።

3. አስቀድሞ የአየሩን አቅጣጫ ማወቅ

ሁሉም አምፕሊፋየር በአንድ አቅጣጫ አይተነፍስም። አንዳንዱ አየር በፊት ስቦ በኋላ ያስወጣል፤ አንዳንዱ በኋላ ስቦ በፊት ያስወጣል፤ በጎን ወይም በላይ የሚያስወጣም አለ። ፋን የሌላቸው ደግሞ ሙቀቱን በክንፋማው ብረት በኩል ለአየር ይሰጣሉ።

አቅጣጫውን ለማወቅ አምፕሊፋየሩን አብርቶ ቀጭን የሶፍት ቁራጭ ወደ ቀዳዳዎቹ ማስጠጋት ነው። ሶፍቱ ከተጣበቀ አየር የሚገባው በዚያ ነው፤ ወደ ውጭ ከተገፋ የሚወጣው በዚያ ነው። ፋኑ ሲሞቅ ብቻ የሚነሣ ከሆነ ጥቂት ከተጫወታችሁ በኋላ ሞክሩ። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ በአንድ ቃል ይጠቃለላል፦ ቀዝቃዛው አየር የሚገባበት፣ ሙቁም የሚወጣበት መንገድ ይኑረው፤ የወጣው ሙቅ አየርም ተመልሶ አይግባ።

4. በራኩ ውስጥ አቀማመጥ

ሀ) ራኩ የፊትና የኋላ ክዳን ካለው ከማብራታችሁ በፊት ሁለቱንም አንሡ። የኋላው ክዳን ስለማይታይ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ለ) ከባዱን ፓወር አምፕ ከታች እሰሩ፤ ራኩ እንዳይገለበጥ ይረዳል። ሙቀት ግን ወደ ላይ ስለሚወጣ የዋየርለስ መቀበያውን በቀጥታ ከላዩ አታድርጉት። የላይ ቀዳዳ ያለው ወይም ፋን የሌለው አምፕሊፋየር ከሆነ ከላዩ ቢያንስ አንድ ዩኒት ባዶ ቦታ ይኑረው፤ በቦታውም ቀዳዳ ያለው መሸፈኛ ይታሰርበት።

ሐ) ከፊት ወደ ኋላ ለሚተነፍሰው ግን ከፊት ያለውን ክፍተት ቀዳዳ በሌለው መሸፈኛ መዝጋት ይሻላል። አለዚያ በኋላ የወጣው ሙቅ አየር በክፍተቱ ዞሮ ተመልሶ ይሳባል።

መ) በጎን ለሚተነፍሰው በራኩ ግድግዳና በአምፕሊፋየሩ መካከል ክፍተት መኖሩን ተመልከቱ። የተጠቀለለ ኬብል ከጀርባው አታከማቹ።

ሠ) አቅጣጫቸው የተለያየ ሁለት አምፕሊፋየሮች በአንድ ራክ ቢገናኙ፣ አንዱ የተፋውን ሙቀት ሌላው ይስባል። ቢቻል ለዩአቸው።

5. ራኩ የሚቆምበት ቦታ

የራኩ ጀርባ ከግድግዳ ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ቢበልጥ ይመረጣል። መጋረጃ አይነካው። ታች ቀዳዳ ያለውን አምፕሊፋየር በምንጣፍ ላይ በቀጥታ ማስቀመጥ ቀዳዳውን መድፈን ነው። የአበባ ማስቀመጫና የውኃ ጠርሙስም በላዩ አይቀመጡ። ከመስኮት የሚገባ የቀትር ፀሐይ የሚያርፍበት ከሆነ ቦታውን ቀይሩ።

ሙቀቱ ካልቀነሰ በራኩ ላይኛ ክፍል 12 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፋን ሙቅ አየር ወደ ውጭ እንዲያስወጣ ማሰር ይቻላል። ነገር ግን ተጨማሪው ፋን ከአምፕሊፋየሩ ፋን ጋር መጋጨት የለበትም። አምፕሊፋየሩ በኋላ የሚያስወጣ ከሆነ ከኋላ አየር የሚነፋበት ፋን ማድረግ ጉዳቱን ያብሳል።

6. ስፒከርና ድምፅ

ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች በፓራለል ሲገናኙ 4 ኦም ይሆናሉ፤ ሦስተኛ ቢጨመር 2.7 ኦም ገደማ ይወርዳል። ኦም ሲቀንስ የሚፈስሰው ከረንት ይጨምራል፤ ሙቀቱም አብሮ ይጨምራል። በጀርባው ከተጻፈው ዝቅተኛ ኦም በታች ፈጽሞ አትውረዱ።

የዝቅተኛ ድምፅ ቁልፉን በ3 ዴሲቤል ከፍ ማድረግ በዚያ ድምፅ ላይ እጥፍ ኃይል መጠየቅ ነው። ቀዩ መብራት እየደጋገመ ከበራ መቀነስ ይገባል።

7. በእኛ አካባቢ ልዩ ትኩረት የሚሹ ነገሮች

ከፍታ፦ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ በዚያው ፍጥነት የሚዞር ፋን የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። የደጋው ቅዝቃዜ ይህን በከፊል ይክሳል፤ ሰው በሞላበት የተዘጋ አዳራሽ ግን ቅዝቃዜው አይገኝም። በድሬዳዋ፣ በጋምቤላና በሰመራ ደግሞ ችግሩ የአካባቢው ሙቀት ራሱ ነው።

ኤሌክትሪክ፦ በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን የሚልኩት ዕቃ ብዙ ጊዜ በ120 ቮልት የሚሠራ ሲሆን የእኛ መስመር 220 ቮልት ነው። ትራንስፎርመሩም ራሱ ስለሚሞቅ በራኩ ውስጥ ሳይሆን ውጭ ይቀመጥ። ለአሜሪካው 60 ኸርትዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በእኛ 50 ኸርትዝ ላይ ይበልጥ ይግላል፤ ስለዚህ 50 ኸርትዝ የተጻፈበትን ምረጡ።

በገልፍ አገሮች የምትሰበሰቡ ወገኖችም አዳራሹ አየር ማቀዝቀዣ ስላለው ብቻ አትተማመኑ። ራኩ በተዘጋ ቁም ሳጥን ውስጥ ካለ ቅዝቃዜው አይደርሰውም።

8. ጽዳት

በበጋ አቧራ በቀዳዳዎቹና በፋኑ ላይ ይጋገራል። አምፕሊፋየሩን ከሶኬት ነቅላችሁ የውጭ ቀዳዳዎቹን በለስላሳ ብሩሽ በየሦስት ወሩ ጥረጉ። የሚወጣ የስፖንጅ ማጣሪያ ካለው በለዘብተኛ ሳሙና አጥባችሁ ፈጽሞ ሲደርቅ መልሱት። ሽፋኑን ግን ባለሙያ ያልሆነ ሰው አይክፈተው፤ ካፓሲተሮቹ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ለሕይወት አስጊ የሆነ ኤሌክትሪክ ሊይዙ ይችላሉ።

9. ድምፁ በጉባኤ መካከል ቢጠፋ

በመጀመሪያ የአምፕሊፋየሩን ድምፅ ዝቅ አድርጉ። ጭስ ወይም የተቃጠለ ሽታ ካለ ወዲያው ከሶኬት ንቀሉ፤ ውኃ አታፍስሱበት። ሽታ ከሌለና ፋኑ እየሠራ ከሆነ ግን አታጥፉት፤ የሚያቀዘቅዘው ፋኑ ነውና። የሸፈነውን ሁሉ አንሡና 10 ወይም 15 ደቂቃ ጠብቁ፤ እስከዚያ ቤዝ ጊታሩን በዲአይ ቦክስ ወደ ሚክሰሩ ማገናኘት ይቻላል። ከተመለሰ በኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ ቀጥሉ። ፋኑ ቆሞ ከሆነ አጥፉት። የአየሩ መንገድ ክፍት ሆኖ ሳለ ደግሞ ከጠፋ ለባለሙያ አሳዩት።

ወገኖች ሆይ፣ ይህ ዕቃ የተገዛው ብዙዎች ከጉድለታቸው ባዋጡት ገንዘብ ነው። ከዕቃው ይልቅ የከበረው ግን የሚያገለግልበት ሰው ነው። ድምፅ በጠፋ ጊዜ ወንድምን ከመውቀሳችን በፊት የራኩን ጀርባ እንይ። የከፋዩ ጨርቅ ዛሬም በእኛ ዘንድ አለ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ጠፍቶ የቀዘቀዘውን አምፕሊፋየር ከአቧራ ይጠብቃል። እሑድ ጠዋት ከማብራቱ በፊት አጥፎ የሚያስቀምጠውም ያው ወጣት ወንድም ነው።

ጌታ አገልግሎታችሁን ይባርክ።