ማቀዝቀዣዎ አልቀዘቅዝ ቢል ምን ያደርጋሉ?

በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ማቀዝቀዣ (ሜቃሬር) ያለ ዕረፍት ይሠራል። ቤት ኤሊዔዘር ውስጥ እንዳሉት ባሉ የሺኩን ቤቶች ወጥ ቤቱ ጠባብ ስለሚሆን፣ ማቀዝቀዣው ከግድግዳ ተጠግቶ ወይም ፀሐይ በሚመታው በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ማቀዝቀዙን ሲያቆም ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ነው። ቴክናይ ከመጥራትዎ በፊት የሚከተሉትን በተራ ይመልከቱ።

በመጀመሪያ ምግቡንና መድኃኒቱን ያድኑ

በሩን ደጋግመው አይክፈቱ። በሩ ካልተከፈተ ምግብ በማቀዝቀዣው ውስጥ ለ4 ሰዓት ያህል፣ በሞላ ፍሪዘር ውስጥ ደግሞ ለ48 ሰዓት ያህል ይቆያል። ከዚያ በፊት ሥጋውን፣ ወተቱንና ወጡን ወደ ጎረቤት ይውሰዱ። የተበላሸ ምግብ ሁልጊዜ አይሸትም፤ ስለዚህ በመቅመስ አይፈትኑት።

በቤትዎ የስኳር በሽተኛ ካለ ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። በችኮላ ፍሪዘር ውስጥ አይክተቱት፤ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አያገለግልም። ሙቀት ካገኘው ከመጠቀምዎ ወይም ከመጣልዎ በፊት የኩፓት ሆሊም ፋርማሲስት ይጠይቁ።

በቤት የሚደረግ ምርመራ

1. የውስጡ መብራት ይበራል? ካልበራ በዚያው ሶኬት ላይ ሌላ ዕቃ ሰክተው ይሞክሩ፤ የመብራት ሰሌዳውንም ይዩ። ማቀዝቀዣውን በሰኩት ቁጥር መብራቱ የሚጠፋ ከሆነ ደግመው አይሞክሩ። ሰፈሩ በሙሉ ጨልሞ ከሆነ ወደ ኤሌክትሪክ ኩባንያ በ103 ይደውሉ።

2. መቆጣጠሪያው ተነክቶ ይሆን? ከ1 እስከ 5 ወይም 7 በተጻፈበት ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ቅዝቃዜው ይጨምራል። ዲጂታል ከሆነ ማቀዝቀዣውን 4፣ ፍሪዘሩን 18 ከዜሮ በታች ያድርጉት።

3. በሩ በደንብ ይዘጋል? ወረቀት በበሩ መሐል አድርገው ይዝጉ። ወረቀቱ ያለ ችግር ከወጣ ጎማው ላልቷል ወይም ቆሽሿል፤ በሞቀ ውኃና በሳሙና ይጠቡት።

4. ከኋላ አቧራ አለ? መሰኪያውን ነቅለው ጥቁሩን የብረት መረብ በብሩሽ ይጥረጉ። ከግድግዳው ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ያርቁት።

5. ፍሪዘሩ እየሠራ ታችኛው ክፍል ሞቋል? የአየር መተላለፊያው በበረዶ ተዘግቶ ወይም ቬንቲላቶሩ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ባዶ አድርገው፣ ነቅለው፣ በሩን ከፍተው አንድ ቀን ይተዉት። በረዶውን በቢላ አይፈልፍሉ፤ ቧንቧው ከተበሳ ጋዙ ይወጣል። በብዙ አዳዲስ ማቀዝቀዣዎች ውስጥ ያለው ጋዝ ደግሞ በእሳት ይያያዛል።

ለሰንበት የተሠራ ትልቅ የወጥ ድስት ትኩሱን ማስገባት ወይም የአየር ቀዳዳውን በሊጥ ዕቃ መዝጋትም ቅዝቃዜውን ይቀንሳል።

ቴክናይ የሚጠራው መቼ ነው?

ሞተሩ (ማድሔስ) «ጠቅ» እያለ የሚቆም ከሆነ፣ ያለ ማቋረጥ እየሠራ ሁለቱም ክፍል ከሞቀ ወይም የተቃጠለ ሽታ ካለ ነቅለው ባለሙያ ይጥሩ። ዓርብ ከሰዓት ባለሙያ ማግኘት ስለሚያስቸግር ምልክቱን እንዳዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ይደውሉ።

ለመደወል ልጅን ከትምህርት ቤት ማስቀረት አያስፈልግም። «ሐሜቃሬር ሎ ሜቃሬር» ማለት «ማቀዝቀዣው አያቀዘቅዝም» ነው። ከመምጣቱ በፊት «ካማ ዖሌ ሐቢኩር?» ብለው የመምጫውን ዋጋ ይጠይቁ፤ ሲጨርስም ደረሰኝ (ቃባላ) ይቀበሉ።

ማቀዝቀዣው አዲስ ከሆነ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የዋስትና ወረቀቱን (ተዑዳት አሐራዩት) ይፈልጉ። በ2006 የወጣው የእስራኤል የሸማቾች ጥበቃ ደንብ ለእንዲህ ያለ የኤሌክትሪክ ዕቃ ዋስትና ይሰጣል። ቴክናዩ ከቀጠሮው ከሁለት ሰዓት በላይ ካስጠበቀዎትም ሕጉ ካሳ የመጠየቅ መብት ይሰጥዎታል። ስለዚህ የግዢውን ደረሰኝና የዋስትናውን ወረቀት አንድ ላይ አድርገው ያስቀምጡ።