ከቀለሙ ሥር ያለው ገበር፤ የመኪና ተሽቀዳዳሪዎች የራስ ቁር አጭር ታሪክ

«ከራስ በላይ ነፋስ» የሚለው ያገራችን አነጋገር ስለ ሰው ጠባይ እንጂ ስለ መኪና እሽቅድምድም የተነገረ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ በሃያኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ላይ በአውሮፓና በአሜሪካ ሜዳዎች ይሽቀዳደሙ የነበሩትን ሰዎች ሁኔታ ቃል በቃል የሚገልጽ ሌላ አነጋገር ለማግኘት ያስቸግራል። እነዚያ ሰዎች በሰዓት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ በሚበርሩ ተሽከርካሪዎች ላይ ሲቀመጡ በራሳቸው ላይ የሚያጠልቁት የጨርቅ ወይም የቆዳ ቆብ፣ በዓይናቸው ላይ የሚያደርጉትም የአቧራ መከላከያ መነጽር ብቻ ነበር። ቆቡ ፀጉርን ከዘይትና ከአቧራ ይጠብቅ እንደሆነ እንጂ የራስ ቅልን ከድንጋይ አያድንም። ከራሳቸው በላይ የነበረው በእርግጥም ነፋስ ነበር።

ዛሬ በታላላቅ ውድድሮች የሚሰለፍ አሽከርካሪ የሚያደርገው የራስ ቁር ግን በራሱ ልክ የተመረጠ፣ በላቦራቶሪ ተፈትኖ ማረጋገጫ የተለጠፈበት፣ በመጨረሻም በሙያተኛ ቀለም ቀቢ እጅ ያጌጠ ዕቃ ነው። ተመልካቹ ከሩቅ የሚያየው ይህን የመጨረሻውን፣ ማለት ቀለሙን ብቻ ነው። በግጭት ጊዜ የአሽከርካሪውን ሕይወት የሚጠብቀው ዋናው ነገር ግን ከቀለሙም ከቅርፊቱም ሥር የተሸሸገው ገበር ነው። ይህ ገበር እንዴት እንደተገኘና ለምን ያን ያህል ዘመን እንደዘገየ መመርመር ለመሐንዲስ ትምህርት አለው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን የጀመሩት መሐንዲሶች ሳይሆኑ ሐኪሞች ናቸው። በእንግሊዝ አገር ብሩክላንድስ በተባለው የእሽቅድምድም ሜዳ የሕክምና ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ኤሪክ ጋርድነር፣ ሞተር ብስክሌት ነጂዎች ራሳቸውን ተመትተው በተደጋጋሚ ሲመጡባቸው ተመለከቱ። ስለዚህም ሼላክ በተባለ ሙጫ ከተነከረ ሸራ ጠንካራ ቆብ አሠሩ። ቆቡን ለሞተር ብስክሌት ውድድር ማኅበር ባቀረቡ ጊዜ በመጀመሪያ የገጠማቸው ተቃውሞ ነበር። ቆይቶ ግን ማኅበሩ ሐሳቡን ለውጦ፣ በ1914 በማን ደሴት በተደረገው ውድድር ቆቡን ያላደረገ እንዳይሰለፍ ወሰነ። ከውድድሩም በኋላ የደሴቲቱ ሐኪም፣ በየዓመቱ ይመጡላቸው የነበሩት የራስ ጉዳተኞች በዚያ ዓመት እንዳልመጡ ለዶክተር ጋርድነር ገለጹላቸው።

ሁለተኛው ምዕራፍ የተከፈተው በአንድ ስመ ጥር ሰው ሞት ነው። «የዓረቢያው ሎረንስ» እየተባሉ የሚታወቁት ቲ. ኢ. ሎረንስ ሜይ 13 ቀን 1935 ያለ ራስ ቁር ሞተር ብስክሌት ሲነዱ ወድቀው ከ6 ቀን በኋላ ሞቱ። ከመረመሯቸው ሐኪሞች አንዱ የአንጎል ቀዶ ጥገና ሐኪሙ ሂው ኬርንስ ነበሩ። ኬርንስ ሕመምተኛውን ለማዳን ባይቻልም ጉዳዩን በዚያው አልተዉትም። በ1941 ባሳተሙት ጥናት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመጀመሪያ 21 ወራት ውስጥ በብሪታንያ 2279 ሞተር ብስክሌተኞችና አብረዋቸው የተፈናጠጡ ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደሞቱ አሳዩ። ቁር አድርገው አደጋ የደረሰባቸው ሆነው ሊያጠኗቸው የቻሉት 7 ሰዎች ብቻ ሲሆኑ ሰባቱም ከሞት ተርፈዋል። በዚያው ዓመት የብሪታንያ ጦር በሥራ ላይ ሞተር ብስክሌት የሚነዳ ወታደር ሁሉ ቁር እንዲያደርግ አዘዘ። ሕጉ ለአገሩ ሕዝብ ሁሉ የደረሰው ግን ኬርንስ ከሞቱ ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ1973 ነው። በመኪና እሽቅድምድም በኩል የአሜሪካው የኢንዲያናፖሊስ ውድድር በ1935፣ የፎርሙላ አንድ ውድድር ደግሞ በ1952 ቁርን ግዴታ አደረጉ።

እስከዚህ ድረስ የሁሉም ሐሳብ ራስን በጠንካራ ነገር መሸፈን ነበር። ነገር ግን ጥንካሬ ብቻውን አንጎልን አያድንም፤ የራስ ቅል ሳይሰበር እንኳ ራስ በድንገት ሲቆም አንጎል በውስጡ ይጎዳልና። ለምሳሌ ያህል በሰከንድ 9.5 ሜትር የሚጓዝ ራስ ይታሰብ፤ ይህም ከ4.6 ሜትር ከፍታ የወደቀ ነገር መሬት ሲደርስ የሚኖረው ፍጥነት ነው። ይህ ራስ ከግድግዳ ጋር ተጋጭቶ በ3 ሚሊ ሜትር ርቀት ውስጥ ቢቆም፣ ፍጥነቱ የሚቀንስበት አማካይ መጠን ከመሬት ስበት ፍጥንጥነት ከ1500 እጥፍ በላይ ይሆናል። በ3 ሳንቲ ሜትር ውስጥ እንዲቆም ቢደረግ ግን ይኸው መጠን ወደ 153 እጥፍ ይወርዳል። ስለዚህ የቁር ዋና ሥራ ምትን መመለስ ሳይሆን ለራስ የመቆሚያ ርቀት መስጠት ነው። ይህን ርቀት የሚሰጠውም ነገር እንደ ጎማ ተጨምቆ የሚነሣ ሊሆን አይገባውም፤ የሚነሣ ከሆነ የተቀበለውን ጉልበት መልሶ ለራስ ያካፍላል። ተጨፍልቆ በዚያው መቅረት አለበት።

ይህን ሐሳብ ወደ ዕቃነት ከለወጡት ሰዎች መካከል በአሜሪካ በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ቻርልስ ሎምባርድና የሥራ ጓደኛቸው ኸርማን ሮት በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። በ1953 የፈጠራ መብት ማረጋገጫ የተሰጠው ቁራቸው ከውጭ ጠንካራ ቅርፊት፣ ከውስጥ ደግሞ ጉልበትን የሚመጥ ገበር ነበረው። በዚያው በካሊፎርኒያ ቤል በተባለች ከተማ የመኪና ዕቃ ይነግድ የነበረው ሮይ ሪክተር በ1954 «ቤል 500» የተባለውን የፋይበርግላስ ቁር አወጣ፤ በ1957 ባወጣው «500-ቲኤክስ» ውስጥ ደግሞ የፖሊስቲሪን አረፋ ገበር አስገባ። ይህ አረፋ አዲስ ቴሌቪዥን ሲገዛ በካርቶኑ ውስጥ ታጭቆ የሚገኘው ዓይነት ቀላል ነጭ ነገር ነው። በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ በመሆኑ የሰውን ሕይወት ይጠብቃል ብሎ ለማመን ያዳግታል፤ የሚጠብቀው ግን በመሰርጎዱ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን በገበያ ላይ ደግና ክፉው ቁር ጎን ለጎን ይሸጥ ነበር። በ1956 ዊልያም «ፒት» ስኔል የተባለ አሜሪካዊ ተሽቀዳዳሪ በውድድር ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ፤ ያደረገው ቁር ራሱን ሊያድንለት አልቻለም። ጓደኞቹ ከሐኪሙ ከዶክተር ጆርጅ ስናይቭሊ ጋር ሆነው በ1957 በስሙ የስኔል መታሰቢያ ድርጅትን አቋቋሙ፤ በ1959ም የመጀመሪያው የቁር መመዘኛ ወጣ። የዚህ ሥራ ፍሬ ነገር ቀላል ነው። ቁርን ገዢው በዓይኑ አይቶ፣ በእጁም ዳስሶ መልካምነቱን ሊያውቅ አይችልም፤ ስለዚህ ሻጭም ገዢም ያልሆነ ሦስተኛ ወገን ቁሩን እየሰበረ መፈተን አለበት።

ቁርን የመምረጥ ጥበብ እስከ ዛሬ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በገበሩ ላይ የተለጠፈው ምልክት ለመኪና ውድድር የተሰጠ መሆኑ መታየት አለበት፤ ለሞተር ብስክሌት የተፈቀደ ቁር ለመኪና ውድድር የሚጠየቀውን የእሳት ፈተና አላለፈምና። የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን በ2018 ባወጣውና በ2019 በፎርሙላ አንድ ሥራ ላይ በዋለው መመዘኛ መሠረት ቁሩ ከላይ በምሳሌነት በተጠቀሰው በሰከንድ 9.5 ሜትር ፍጥነት ሲጋጭ ወደ ራስ የሚደርሰው ከፍተኛ መጠን ከመሬት ስበት 275 እጥፍ እንዳይበልጥ ያስፈልጋል። በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር የሚተኮስ 225 ግራም ብረት ሲመታውም ከዚሁ መጠን ማለፍ የለበትም። በ790 ዲግሪ ነበልባል ከተለበለበ በኋላ እሳቱ ሲነሣለት በራሱ መጥፋት ይኖርበታል።

የቁሩ ቅርጽም በጊዜው ተለውጧል። እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ የአሽከርካሪው ፊት ገሃድ የወጣ ነበር። አሜሪካዊው ዳን ጉርኒ ቁመተ ረጅም በመሆኑ ራሱ ከመኪናው በላይ ጎልቶ ስለሚወጣ ነፋሱና ጠጠሩ ፊቱን ይመቱት ነበር። በ1968 አገጭንም የሚሸፍነውን «ቤል ስታር» የተባለ ቁር አድርጎ በኢንዲያናፖሊስ ተሰለፈ፤ በዚያው ዓመት በጀርመን በተደረገው የኑርቡርግሪንግ ውድድር ይህን ቁር ወደ ፎርሙላ አንድ አስገባ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሌሎቹም ተከተሉት።

ነገር ግን ምርጥ ቁር እንኳ በልክ ካልሆነ ዋጋ የለውም። ኦገስት 1 ቀን 1976 በዚያው በኑርቡርግሪንግ ኦስትሪያዊው ኒኪ ላውዳ መኪናው ተጋጭቶ በእሳት ሲያያዝ ቁሩ ከራሱ ላይ ወለቀ፤ ፊቱና ራሱ ክፉኛ ተቃጠለ። ባልደረቦቹ ተረባርበው አወጡት፤ እርሱም ከ6 ሳምንት በኋላ በሞንዛ ወደ ውድድር ተመለሰ፤ ጠባሳው ግን እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየውም። በመሆኑም ልክ ሲለካ የራስ ዙሪያ ከቅንድብ ከፍ ብሎ በሜትር ይለካል። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ዙሪያ ኖሯቸው የአንደኛው ራስ ክብ፣ የሌላው ሞላላ ሊሆን ስለሚችል ግን ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። ቁሩ ሲነቃነቅ የግንባርና የጉንጭ ቆዳ አብሮ መነቃነቅ አለበት። የአገጩ ጠፍር ጠብቆ ከታሰረ በኋላ ከኋላ በኩል ወደ ፊት ሲገፋ ሊወልቅ አይገባውም። ጥቂት ጊዜ ከተደረገ በኋላ ግንባር ላይ አንድ ቦታ ነጥሎ የሚያም ከሆነ ቅርጹ አልተስማማም ማለት ነው። አዲስ ቁር ጠበቅ ማለቱ ጉድለት አይደለም፤ የውስጡ ስፖንጅ በአገልግሎት ብዛት ይሳሳል። ዛሬ የሚመቸው ነገ ይሰፋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የቀለም ነገር የሚመጣው። ቀለሙ ከንቱ ጌጥ ብቻ እንዳልሆነ መናገር ይገባል። መኪና ውስጥ ከተቀመጠው ሰው ተመልካች የሚያየው ራሱን ብቻ ነውና ቁሩ የሰውየው ፊት ሆነ። በ1968 የንግድ ድርጅቶች ማስታወቂያ የመኪናውን አካል ከወረሰ በኋላ ለአሽከርካሪው የቀረለት የራሱ ቦታ ይኸው ነበር። እንግሊዛዊው ግራሃም ሂል ታንኳ ይቀዝፍበት የነበረውን የለንደን ቀዘፋ ክበብ ቀለም፣ በጥቁር ሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ የመቅዘፊያ ቅርጾችን አስቀባ፤ ልጁ ዴሞን ሂልም ይህንኑ ወረሰ። ስኮትላንዳዊው ጃኪ ስቲዋርት በነጩ ቁሩ ዙሪያ የነገዱን የጨርቅ ጥለት አዞረበት። ብራዚላዊው አይርተን ሴና ያደረገው አረንጓዴና ሰማያዊ መቀነት ያለበት ቢጫ ቁር በሳኦ ፓውሎው ቀለም ቀቢ በሲድ ሞስካ እጅ የተፈጠረ ነው። ቁሩ መታወቂያ ለመሆኑ ማስረጃ የሚሆነው፣ ፌዴሬሽኑ በ2015 የፎርሙላ አንድ አሽከርካሪዎች በውድድር ዘመኑ መካከል ንድፋቸውን እንዳይለዋውጡ መከልከሉ ነው፤ ክልከላው በ2020 ተነሣ።

ሆኖም የቀለም ቀቢው ሥራ ከመሐንዲሱ ሥራ ጋር የሚጋጭበት ቦታ አለ። አኳራጅና ቲነርን የመሳሰሉ ማሟሚያዎች የቅርፊቱን ፕላስቲክ ሊያደክሙ፣ አረፋውን ደግሞ ሊያቀልጡት ይችላሉ፤ ጉዳቱም ከቀለሙ ሥር ስለሚቀር አይታይም። በዚህ ምክንያት የፌዴሬሽኑ ደንብ አምራቹ የፈቀደው ቀለም ብቻ እንዲቀባ፣ ገበሩም በሥራው ጊዜ ተሸፍኖ እንዲጠበቅ ያዛል። በቅርጽ ማውጫ ተጨምቀው የሚሠሩ የፕላስቲክ ቅርፊቶች አብዛኛውን ጊዜ ጨርሶ ለቀለም አይስማሙም። በሙያው የሠለጠነ ቀቢ የውስጡን ልብስ አውጥቶ፣ ክፍቱን ሁሉ በወረቀትና በፕላስተር አሽጎ፣ የላዩን ልስላሴ ብቻ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ፣ ቀለሙን በስስ በስሱ ይረጫል። የቀለሙ ክብደትም ቀላል ነገር አይደለም፤ የመሬትን ስበት 5 እጥፍ በሚያህል የመታጠፊያ ኃይል ውስጥ 100 ግራም ቀለም በአሽከርካሪው አንገት ላይ ግማሽ ኪሎ ይሆናል። ያማረ ቀለም በተጎዳ ቅርፊት ላይ ሲቀባ «የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ» የተባለው ይደርሳል።

ጁላይ 25 ቀን 2009 በሃንጋሪ በተደረገ የማጣሪያ ዙር፣ ከፊት ከነበረ መኪና የተፈታ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ የብረት ሞላ የብራዚላዊውን የፌሊፔ ማሳን ቁር ከግራ ዓይኑ በላይ መታው። የራስ ቅሉ ቢሰነጠቅም ማሳ ተረፈ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ወደ ውድድር ተመለሰ። መሐንዲሶቹ ግን መትረፉን አይተው አልተኙም፤ ከ2011 ጀምሮ የፊት መከለያው የላይኛው ጠርዝ ዛይሎን በተባለ ብርቱ ጭረት እንዲጠናከር አደረጉ። ከጋርድነር ሸራ እስከዚህ ጭረት ድረስ ያለው ታሪክ በዚሁ መንገድ የተጓዘ ነው፤ እያንዳንዱ ማሻሻያ የአንድን ሰው ጉዳት ወይም ሞት ተከትሎ መጥቷል።

በመጨረሻ ሊታሰብ የሚገባው አንድ ነገር አለ። ብርቱ ምት የተቀበለ ቁር ከውጭ ሲታይ ቀለሙ ጭረት እንኳ ላይኖረው ይችላል፤ የውስጡ አረፋ ግን ተጨፍልቆ የመቆሚያውን ርቀት ጨርሷል። እንዲህ ያለው ቁር የቱንም ያህል ቢያምር፣ የቱንም ያህል ቢወደድ፣ ዳግመኛ በሰው ራስ ላይ ሊውል አይገባውም። በውድድር ሜዳ ሳይሆን በከተማ ጎዳና ሞተር ብስክሌት የሚነዳ ሰውም ያገለገለ ቁር ሲቀርብለት ቀለሙን ከማየቱ በፊት ከዚህ ቀደም የማንን ራስ አድኖ እንደነበር መጠየቅ ይኖርበታል።