በባሌ አጋዘን ስም የተጠራው ፎንትና የማይከፈቱት ፋይሎቻችን

ከሻሸመኔ ወደ ሮቤ የተጓዘ ሰው ዲንሾ ሲደርስ በመስኮት አጮልቆ የደጋ አጋዘን መፈለጉ አይቀርም። ኒያላ የምንለው ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም በዱር አይገኝም፤ አብዛኛውም የሚኖረው ባሌ ነው። ብዙ ሰው ያላስተዋለው ግን ስሙ ኮምፒውተራችን ውስጥም መኖሩን ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ፣ እኛ ሚሊኒየማችንን ልንቀበል ሽር ጉድ ስንል፣ ዊንዶውስ ቪስታን ለገበያ አወጣ። ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ የመጣው የግዕዝ ፊደል ፎንት ስሙ «ኒያላ» ነው። የነደፉት ጆን ሀድሰንና ጀራልዲን ዌድ ሲሆኑ ስሙን የወሰዱት ከዚሁ ከደጋ አጋዘናችን ነው።

ከዚያ ወዲህ ዊንዶውስ አማርኛ ለመጻፍ ከውጭ የሚጫን ፕሮግራም የግድ አያስፈልገውም። ፎንቱም መጻፊያውም ውስጡ አለ። ታዲያ ዛሬም ሮቤም ሆነ ጎባ፣ አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ዳር፣ አዲስ ኮምፒውተር ሲገዛ «ፓወር ግዕዝ ጫንልኝ» የሚለው ጥያቄ ለምን አልቀረም? ልማድ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ነገሩ ግን ከልማድ ያለፈ ታሪክ አለው፤ ዋጋም እያስከፈለን ነው።

🔹 ባዶ የመጣ ዕቃ

የጽሕፈት መሣሪያ ለእኛ ፊደል ተሠርቶ መጥቶልን አያውቅም። የታይፕ መኪና ሲመጣ ለላቲን ፊደል ተሠርቶ መጣ። ኢንጂነር አያና ብሩ ከጣልያን ወረራ በፊት ያንኑ መኪና አማርኛ እንዲጽፍ ለማድረግ ደከሙ። የፊደላችን ብዛት ለመኪናው አይመችምና ፊደሉ ራሱ ይቀነስ ያሉ ምሁራንም ነበሩ።

ኮምፒውተር ሲመጣ ያው ታሪክ ተደገመ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንደ ዶክተር አበራ ሞላና ፍስሐ አጥላው ያሉ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ፊደሉን ኮምፒውተር ውስጥ ለማስገባት ሠሩ። ማን ቀደመ የሚለው ክርክር እስካሁን አልበረደም፤ ለዚህ ጽሑፍ ግን አያስፈልገንም። በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ አማርኛን በላቲን ፊደል በኢሜይል ለመላላክ የሚያስችለውን «ሴራ» የተባለ ሥርዓት አዘጋጁ። አገር ውስጥ ደግሞ አጋፋሪ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝና ሌሎችም ተከተሉ። ከ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ በኋላ የፈሉት የግል ጋዜጦች፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤዎች፣ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች፣ የመመረቂያ ጽሑፎች፣ የሠርግ መጥሪያዎች የተጻፉት በእነዚህ ፕሮግራሞች ነው።

በአውሮፓ በዚያው ዘመን የነበረው ሙግት የተገላቢጦሽ ነበር። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 ማይክሮሶፍትን 497 ሚሊዮን ዩሮ ሲቀጣ አንዱ ክስ ኩባንያው የራሱን ማጫወቻ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ስለሚጭን ተፎካካሪዎቹን ከገበያ አስወጣ የሚል ነበር። እዚያ «ለምን አብራችሁ ሰጣችሁን?» ተባለ። እኛ ጋ ደግሞ ምንም አልመጣም ነበርና የአገር ልጆች ቀዳዳውን ሞሉት። ያገኙት ዋጋ ምን ነበር? ፕሮግራማቸው በሲዲ፣ በኋላም በፍላሽ ተገልብጦ አገር ምድሩን አዳረሰ፤ ከፍሎ የተጠቀመው ግን ጥቂት ነው። ይህን ውለታ ሳንዘነጋ ወደ ችግሩ እንለፍ።

🔹 የግዕዝ ልብስ የለበሰ ላቲን

የያኔው ኮምፒውተር ለአንድ ፎንት የሚሰጠው ቦታ ቢበዛ 256 ነበር፤ ከዚያም ላይ ለራሱ ሥራ የሚይዘው አለ። የእኛ ፊደል ከነአኃዙና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከ300 ያልፋል። ስለዚህ ፕሮግራም ሠሪዎቹ ዘዴ ፈለጉ። ግማሾቹ ፊደሉን ለሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት አከፋፈሉት፤ ሌሎቹ የፊደሉን አካልና ቅጥያ ለያይተው አስቀመጡት። ሁሉም ግን ያደረጉት አንድ ነገር ነው፦ በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቦታ ላይ የግዕዝ ፊደል ሥዕል ማስቀመጥ።

ስለዚህ በድሮው ፎንት «ሰላም» ብለን ስንጽፍ ስክሪኑ ላይ ሰላም ይታያል፤ ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ነው። ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ልብሱ ይወልቅና ያ ድብልቅ ይታያል። ይባስ ብሎ ሁሉም ፕሮግራም የየራሱን አቀማመጥ ስለተከተለ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም።

መፍትሔው ዩኒኮድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የዩኒኮድ 3.0 ዕትም ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ቦታ ሰጠ። ከዚያ በኋላ «ሀ» በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም መሣሪያ የራሷ ቁጥር አላት። ኒያላ የተሠራውም በዚህ ሥርዓት ነው። ዛሬ ይህን ጽሑፍ በስልካችሁ የምታነቡት በዚሁ ምክንያት ነው።

🔹 ታዲያ ለምን አልተሻገርንም?

ጸሐፊው ጥፋተኛ አይደለም። አሥር ዓመት ሙሉ እጁ የለመደው የቁልፍ አቀማመጥ አለ፤ ከዊንዶውሱ ጋር የመጣው መጻፊያ ሌላ ነው። በደቂቃ ብዙ ቃል ይመታ የነበረ ሰው እንደ ጀማሪ ፊደል እየለቀመ እንዲጽፍ ሲጠየቅ «ይቅርብኝ» ቢል አይፈረድበትም። አለቃውም የሚፈልገው ወረቀቱ ታትሞ ማኅተም እንዲመታበት ነው፤ ፋይሉ ውስጥ ምን እንዳለ ማን ይጠይቃል? የፓወር ግዕዝ የኋለኞቹ ዕትሞች ዩኒኮድን ቢጨምሩም ብዙ ሰው የቀጠለው በለመደው የድሮ ፎንት ነው። በዚህ ላይ ከየትም የተገለበጠ ቅጂ ለመጫን ሲባል ጸረ ቫይረስ ይጠፋል፤ ከፕሮግራሙ ጋር ምን አብሮ እንደገባ አይታወቅም።

🔹 ሦስቱ መደርደሪያዎች

ዋጋውን በደንብ የሚያሳየው እንደ ሮቤ ያለ ከተማ ነው። የአንድን የቆየ መሥሪያ ቤት መዝገብ በሦስት መደርደሪያ ከፍለን እናስበው።

በመጀመሪያው ላይ በታይፕ የተመታ የአማርኛ ወረቀት አለ። አቧራ ጠጥቷል፣ ጠርዙ ተበልቷል፤ ግን ይነበባል። በሁለተኛው ላይ በቁቤ የተጻፈው የኦሮምኛ ሰነድ አለ። አፋን ኦሮሞ በ1984 ዓ.ም. የላቲን ፊደልን ሲመርጥ ምክንያቱ ኮምፒውተር አልነበረም፤ ውጤቱ ግን ጸሐፊው ሁድሃን ጨምሮ የሚፈልገው ሁሉ ቁልፉ ላይ ነበር። ምንም መጫን አላስፈለገውም፤ ፋይሉ ዛሬም በየትኛውም ስልክ ይከፈታል።

ሦስተኛው መደርደሪያ በኮምፒውተር የተጻፈው የአማርኛ ሰነድ ነው፦ ለፌዴራል መሥሪያ ቤት የተላከ ደብዳቤ፣ የሽያጭ ውል፣ የጥናት ጽሑፍ። ታትሞ የተቀመጠው ተርፏል። በፋይል ብቻ የቀረው ግን ያ ፕሮግራም ከሌለ አይነበብም፤ ቢኖርም በስም ተፈልጎ አይገኝም።

እዚያው ባሌ ያለ ሌላ ጽሑፍ ላንሳ። የሼክ ሁሴንን ታሪክና ከራማ የሚተርከው «ረቢዕ አልቁሉብ» የተባለው የዐረብኛ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ካይሮ ታትሟል። መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚሄድ ዐረብኛ የሚያውቅ ዘያሪ ዛሬም ገልጦ ያነበዋል፤ አታሚው ቤት ኖረ አልኖረ አይገደውም። እኛ የዛሬ ሃያ ዓመት የጻፍነው ፋይል ግን አንድ ፕሮግራም እስኪጫንለት ይጠብቃል።

🔹 ጥያቄው የማን ፕሮግራም ነው አይደለም

ከዚህ ተነስቶ «ከውጭ የሚጫን ሁሉ ይቅር» ማለት ስሕተት ነው። ኪይማን የተባለውን መጻፊያ ተመልከቱ። ለላኦ ቋንቋ ተብሎ የተጀመረ፣ ዛሬ በነጻ የሚሰጥ፣ ከዊንዶውስ ጋር የማይመጣ ፕሮግራም ነው። የሚጽፈው ግን በዩኒኮድ ነው። ነገ ኪይማንን ብታጠፉት ጽሑፋችሁ ይቀራል። መለኪያችን ይህ መሆን አለበት፦ የጫንነው ፕሮግራም ሲነሳ ጽሑፋችን ይቀራል ወይስ አብሮት ይሄዳል?

ሚያንማር የእኛው ችግር ከእኛ ብሶባት ነበር። «ዞጂ» የሚባል ከውጭ የሚጫን ፎንት የአገሩን ስልክ ሁሉ ወርሶ ዩኒኮድን አላስገባ አለ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2019 የሽግግር ቀን ተብሎ ተቆረጠና መንግሥቱም፣ ኩባንያዎቹም መሻገር ጀመሩ። እኛ እንዲህ ያለ ቀን ቆርጠን አናውቅም። ስልክ ሲመጣ ዩኒኮድ ሆኖ ስለመጣ ችግሩ የተፈታ መሰለን፤ የቢሮው ኮምፒውተር ግን ባለበት ቀረ።

🔹 ምን ይደረግ?

እናንተ ዛሬውኑ ልትሞክሩት የምትችሉት አለ። ኮምፒውተራችሁ ላይ ካለ የድሮ የአማርኛ ፋይል አንድ ዓረፍተ ነገር ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለጥፉ። አማርኛ ሆኖ ከወጣ ደኅና ነው። ዝብርቅርቅ ምልክት ከወጣ ያ ፋይል በሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ነው። ፒዲኤፍም አያታልላችሁ፤ ለዓይን አማርኛ መስሎ ኮፒ ሲደረግ ዝብርቅርቅ የሚሆን ብዙ አለ።

መለወጫ ፕሮግራሞች አሉ። ዋናውን ቅጂ ሳታጠፉ ለውጡ፤ ከዚያ ቁጥሩን፣ ስሙንና ሥርዓተ ነጥቡን በዓይናችሁ አመሳክሩ። በተለይ ውልና የፍርድ ሰነድ ላይ አንድ ፊደል ብትዛባ ጣጣዋ ብዙ ነው።

ለመሥሪያ ቤቶች ግን የግለሰብ ጥረት አይበቃም። ቤተ መዛግብት፣ ፍርድ ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች የድሮ ፋይሎቻቸውን ቆጥረው፣ የሚለወጡበትን ቀን ቆርጠው፣ ከዚያ ቀን በኋላ በዩኒኮድ ያልተጻፈ ሰነድ አንቀበልም ማለት አለባቸው። ጸሐፊዎችንም በለመዱት የቁልፍ አቀማመጥ በዩኒኮድ መጻፍ እንደሚችሉ ማሠልጠን ነው። እነዚያን የድሮ ፕሮግራሞች አሳምሮ የሚያውቀው ባለሙያ ዛሬ በሥራ ላይ አለ፤ የድሮዎቹም ኮምፒውተሮች ጥቂቶቹ ይበራሉ። ሥራው መሠራት ያለበት እነሱ ሳሉ ነው።

እስኪ ሞክሩትና ምን እንደወጣላችሁ ከታች ጻፉልን። የቢሮ ኃላፊ የሆነ ወዳጅ ካላችሁም ይህን ላኩለት።