የሙዚቃ ሸክላ፦ ረጅሙ ሸክላ እንዴት ተወለደ? በአገራችንስ ምን አተረፈልን?

በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በአዳማ ነባር ቤቶች፣ በቁም ሣጥን ወይም በጓዳ ጥግ አቧራ ለብሰው የተቀመጡ የሙዚቃ ሸክላዎች ዛሬም አይጠፉም። ማጫወቻው ከተበላሸ ዘመን ስላለፈ ብዙዎች ቤት ሲያድሱ እንደ ተራ ጓዝ ያወጧቸዋል፤ ከቆሻሻ ጋርም ይሄዳሉ። ይሁንና ከእነዚህ ሸክላዎች አንዳንዶቹ የያዙት ድምፅ በሌላ ሥፍራ ላይገኝ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ሸክላ ከምን እንደሚሠራ፣ ረጅሙ ሸክላ እንዴት እንደመጣና በኢትዮጵያ ምን ታሪክ እንዳለው ያስረዳል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከዛፍ ቅርንጫፍ የተለቀመ ሙጫ

እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ሸክላ የሚሠራው ሼላክ ከሚባል ሙጫ ነበር። ሙጫውን የሚያመነጩት ላክ የሚባሉ ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው። ነፍሳቱ በሕንድና በታይላንድ በሚገኙ ዛፎች ላይ ሰፍረው ፈሳሹን ይመጥጣሉ፤ ቅርንጫፉንም በሙጫ ይሸፍኑታል። ገበሬዎች ሙጫውን ፍቀው ይሸጡታል። እንግዲህ ለረጅም ዘመን ዓለም ሙዚቃ ያዳመጠው በግብርና ውጤት ላይ ነበር ማለት ይቻላል።

ሙጫው ከተፈጨ ድንጋይ ጋር ተቀላቅሎ በሙቀት ይታተማል። የዚህ ዓይነቱ ሸክላ በደቂቃ 78 ጊዜ ያህል ይዞራል። ትልቁ መጠን እንኳ በአንድ ገጹ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ብቻ ይይዛል፤ ከእጅ ካመለጠም እንደ ጀበና ይሰበራል። ረጅም የሙዚቃ ሥራ ለማዳመጥ በየጥቂት ደቂቃው ሸክላ መለወጥ ግድ ነበር። ታዋቂው ባለቅኔና አዝማሪ ተሰማ እሸቴ በ1908 በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት በዚህ ዘመን ነው። በኢትዮጵያ የሸክላ ታሪክ ቀዳሚው ስም የእርሳቸው ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከእስያ የሚመጣው ሼላክ እጥረት ገጠመው። የአሜሪካ ጦር ለወታደሮቹ ሙዚቃ ሲልክ ቪኒል በሚባል ፕላስቲክ ተጠቀመ። ቪኒል በቀላሉ አይሰበርም፤ የተፈጨ ድንጋይ ስለሌለበትም የመርፌው ሽርሽርታ አነስተኛ ነው።

የ1948ቱ ለውጥ

ሸክላን የማስረዘም ሐሳብ ቀደም ብሎ ተሞክሮ ነበር። አር ሲ ኤ ቪክተር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1931 በደቂቃ 33⅓ ጊዜ የሚዞር ሸክላ ለገበያ አቅርቧል። ነገር ግን ዘመኑ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነበር፤ የማጫወቻዎቹም ክንድ ከባድ በመሆኑ ሸክላውን ቶሎ ይበላው ነበር። ሙከራው ከሸፈ።

የተሳካለት ተፎካካሪው ኮሎምቢያ ነው። ፒተር ጎልድማርክና ዊልያም ባክማን የሚገኙበት የመሐንዲሶች ቡድን ለዓመታት ከሠራ በኋላ፣ ኩባንያው በሰኔ 1948 በኒውዮርክ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ረጅሙን ሸክላ ለጋዜጠኞች አሳየ። በአንድ በኩል 2 ሜትር ከ40 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚደርስ የባለ 78 ዙር ሸክላ ክምር ቆሟል። በሌላ በኩል ያንኑ ሙዚቃ በሙሉ የያዙት አዲሶቹ ሸክላዎች ቁመታቸው 40 ሴንቲ ሜትር አይሞላም።

ምሥጢሩ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዙሩ ከ78 ወደ 33⅓ ቀነሰ። ሁለተኛ፣ መርፌው የሚሄድበት ትልም ቀጠነ፤ በአሮጌው ሸክላ በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ 40 ገደማ ትልም ሲኖር፣ በአዲሱ ወደ 90ና ከዚያም በላይ ደረሰ። ሦስተኛ፣ ቪኒል ልስልስ በመሆኑ ይህን ያህል የቀጠነ ትልም ሳይፈርስ ይሸከማል። አራሽ በዚያው ማሳ ላይ ትልሙን አቀራርቦ ቢያርስ ብዙ ትልም እንደሚያወጣ ሁሉ፣ በ30 ሴንቲ ሜትር ሸክላ አንድ ገጽ ላይ 22 ደቂቃ ያህል ሙዚቃ ገባ።

አር ሲ ኤ በ1949 በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞር ትንሽ ሸክላ ይዞ መጣ። ለአጭር ጊዜ ገበያው ግራ ቢጋባም ብዙ ሳይቆይ ሥራው ተከፋፈለ፤ ትንሹ ለነጠላ ዘፈን፣ ትልቁ ለአልበም ሆነ።

በኢትዮጵያ፦ ከክልከላ እስከ ወርቃማው ዘመን

ረጅሙ ሸክላ በኒውዮርክ በተዋወቀበት በዚያው በ1948፣ በኢትዮጵያ የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጠ። በዚህም ምክንያት የአዲስ አበባ ኦርኬስትራዎች በደመቁበት ዘመን እንኳ የሚታተመው ሸክላ ጥቂት ነበር።

ይህን አጥር የደፈረው የሙዚቃ መደብር ባለቤት የነበረው ወጣቱ አምሃ እሸቴ ነው። በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ሥራ ይዞ አምሃ ሪከርድስን ጀመረ። በአገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ሸክላዎቹ በመጀመሪያ በሕንድ፣ በኋላም በሊባኖስ ታትመው ይመጡ ነበር። ፊሊፕስ ኢትዮጵያና የአሊ አብደላ ካይፋ ድርጅት ካይፋ ሪከርድስም ተከትለው ገበያውን አሞቁት።

በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ወደ 500 የሚጠጉ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ሲታተሙ፣ ረጅሞቹ ግን ወደ 30 ብቻ ነበሩ። ባለ 45ቱ ሁለት ዘፈን ብቻ ስለሚይዝ ለአሳታሚውም ለገዢውም ይቀላል። ስለዚህ የዚያ ዘመን ሙዚቃችን በአብዛኛው ተበታትኖ የተቀመጠው በትንንሽ ሸክላዎች ላይ ነው። ከጥቂቶቹ ረጅም ሸክላዎች መካከል የሙላቱ አስታጥቄ «የካቲት» (1974)፣ የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» (1975) እንዲሁም የኃይሉ መርጊያና የዋልያስ ባንድ «ቸ በለው» (1977) ይገኙበታል።

የኦሮምኛ ሙዚቃም በዚህ ዘመን ወደ ሸክላ ገባ። በድሬዳዋ ተወልዶ በአፍራን ቀሎ ቡድን ያደገው አሊ ቢራ በ1971 ያስቀረጸው ሥራ በአፋን ኦሮሞ የመጀመሪያው አልበም ተብሎ ይጠቀሳል። አሊ ቢራ በ2022 ያረፈው እዚሁ በአዳማ ከተማ ነው።

መጥፋትና መመለስ

ከአብዮቱ በኋላ የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሙዚቃ አዳከመው። አምሃ እሸቴ በ1975 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በርካሽ የሚባዛው ካሴትም ገበያውን ያዘ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ የሸክላ ኅትመት ቆመ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ ሲዲ ብዙዎቹ ሥራዎች ዳግመኛ ተሰሙ። የ2013ቱ 28ኛ ቅጽ ለአሊ ቢራ የተሰጠ ነው። ሁሉም ግን አልተመለሰም፤ የቀረው በየቤቱ ባለው ሸክላ ላይ ነው።

ሸክላውን መለየትና መጠበቅ

በመሐል ያለውን ወረቀት ያንብቡ፤ የአሳታሚው ስምና ቁጥር ታሪኩን ይናገራሉ። ከበድ ብሎ የማይተጣጠፍ ከሆነ ሼላክ ሊሆን ስለሚችል በአልኮል አይጥረጉት፤ አልኮል ሼላክን ያሟሟል።

ቪኒል ሙቀት ያጣምመዋል። በስምጥ ሸለቆ ፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ ወይም በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለ ቆጥ ላይ አይተዉት። ሸክላዎችን እንደ መጽሐፍ ቀጥ አድርጎ ማቆም እንጂ መደራረብ አይገባም። ሲይዙት ትልሙን ሳይነኩ በጠርዙ ይያዙት፤ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ በዙሪያው አቅጣጫ ይጥረጉት። በአረጀ መርፌ ማጫወትም ትልሙን ይበላዋል።

ማጫወቻ የሌለው ቤተሰብ ሸክላውን ከመጣሉ በፊት የድምፃዊውን ስም፣ የአሳታሚውን ስምና ቁጥሩን መዝግቦ ቢያስቀምጥ፣ ማጫወቻ ያለው ሰው አግኝቶም ድምፁን ቢያስገለብጥ መልካም ነው። የተሰበረ ሸክላ አይጠገንም፤ የተገለበጠ ድምፅ ግን ለልጅ ልጅ ይተላለፋል።